የሸክላው ጉድጓድ፦ ስለ ወገራ መሬት

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት «አቮዳት ሾራሺም» የሚሉትን የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ስድስተኛ ክፍል ነች። ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና ስልኳ ላይ ከሰማይ የተነሳ ካርታ ከፈተችልኝ። «ሳብታ፣ መንደርሽ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። መጀመሪያ ጎንደርን አገኘን። ከጎንደር በመኪናው መንገድ ወደ ሰሜን ወደ ዳባት፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ ሄድን። በሁለቱ መካከል አንድ ቦታ ላይ ጣቴን አስቀመጥኩ። የሚታየው ቡናማና ቢጫ ሆኖ የተቆራረጠ እርሻ ብቻ ነው። «እሺ፣ ከነዚህ ውስጥ የኛ መሬት የቱ ነው?» አለች።

ዝም አልኩ። ትንሽ ጠበቀችኝና ደብተሯ ላይ በዕብራይስጥ አንድ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች ስጠይቃት «ሳብታ አታስታውስም» ብላ አነበበችልኝ።

ልጆቼ፣ እኔ አስታውሳለሁ። ዝም ያልኩት መልሱ ረጅም ስለሆነብኝ ነው። እነሆ አሁን ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ። ዓመቶቹን እናንተ በለመዳችሁት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ከመሬቱ ልጀምር፤ መሬቱ ከሁላችንም ይቀድማልና። ወገራ ደጋ ነው። እናንተ በረዶ ልታዩ የምትወጡበት የሄርሞን ተራራ ጫፉ 2,814 ሜትር ነው። ደባርቅ ከተማዋ ራሷ ያለችው በዚያ ከፍታ ላይ ነው። እናንተ ለሽርሽር በምትወጡት ከፍታ እኛ ገብስ እናበቅል፣ ከብት እናረባ ነበር። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ ደግሞ የስሜን ተራሮች ይነሳሉ፤ ትልቁ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ወደ ሰሜን ሊማሊሞ ላይ ሲደርሱ ምድሩ እንደ ተቆረሰ ዳቦ ድንገት ያልቅና ወደ ቆላ ይወርዳል።

ሊቃውንቱ እንደሚሉት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ውስጥ የቀለጠ ድንጋይ ፈንድቶ እየወጣ አገሩን ሁሉ ሸፈነው። አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላው ከላዩ ፈሰሰ። ገደሉን በሩቁ ያየ ሰው ያንን በዓይኑ ያየዋል፤ ድንጋዩ በመሶብ እንዳለ እንጀራ ተደራርቦ ነው የተቀመጠው። ከዚያ በኋላ ዝናቡና ወንዙ ሲቆርጠው ኖረ። የዛሬ 20,000 ዓመት ገደማ፣ ዓለም ቀዝቃዛ በነበረችበት ዘመን፣ የስሜን ጫፎች የማይቀልጥ በረዶ ለብሰው ነበር፤ በረዶው ገፍቶ የከመረው ድንጋይ እስከ ዛሬ አለ።

ውሃውም መንገድ አለው። ወደ ደቡብ የሚወርደው በመገጭ ወንዝ ጣና ይገባል። ወደ ተከዜ የሚወርደው ደግሞ ሱዳን ሲደርስ ሰቲት ይባላል፣ ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል፣ መጨረሻው ዓባይ ነው። በኋላ እኛ በእግራችን የሄድንበትን አገር ውሃው ከኛ በፊት ያውቀው ነበር።

ያ ድንጋይ በፀሐይና በዝናብ ሲበሰብስ አፈር ሆነ፦ በተዳፋቱ ላይ ቀይ፣ ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ጥቁር ዋልካ። ዋልካ በክረምት እግር ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ገበሬ ያማርረዋል፤ ሸክላ ሠሪ ግን ትወደዋለች። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ዛፉስ? ከፍ ባለው ቦታ አስታ አለ፣ ከዚያም በላይ ጅብራ የሚባለው ከሰው የሚረዝም ተክል። ዝቅ ሲል ኮሶ፣ ጽድ፣ ወይራ። እኔ ልጅ ሆኜ፣ በ1950ዎቹ፣ ጽድና ወይራ ተሰብስቦ የሚገኘው በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነበር። ከዚያ ውጭ ሜዳው ራቁቱን ነው፤ እዚህም እዚያም ቀጋና እምቧጮ ብቻ። አገር ያየ እንግዳ «ተፈጥሮው እንዲህ ነው» ይላል። አይደለም። ጫካው ጠፍቶ ነው። ለሺህ ዓመታት በበሬ ታርሷል፣ ተመንጥሯል፣ ለቤት ተቆርጧል። በ1630ዎቹ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ሲቆረቁሩ ለኖራው ማቃጠያ፣ ለግንቡ፣ ለሠራዊቱ ማገዶ ስንት ዛፍ እንደሄደ እግዜር ይወቀው። በዚያ ግንብ ሥራ ላይ የኛም አባቶች ነበሩበት፤ ግንበኛ፣ አናጢ፣ አንጥረኛ ሆነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ። ለምን መሬት አልነበረንም?

በጎንደር አገር መሬት ማለት ርስት ነው። ርስት ያለው ሰው አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል። እኛ አባቶቻችንን መቁጠር አላቃተንም፤ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ግን ቆጠራው መሬት አያሰጥም ነበር። አባቶች ሲነግሩን ነገሩ የተጀመረው ከ1414 እስከ 1429 በነገሡት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ነው። ንጉሡ ቤተ እስራኤልን በጦርነት ካሸነፉ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲይዝ፣ ያልተጠመቀ ከርስቱ እንዲነቀል አዘዙ ይባላል። «ፈላሻ» የሚለውን ስም ብዙ ሰው ከዚያ ጋር ያያይዘዋል። ስሜን ላይ ያሉት ወገኖቻችን ግን በየአምባው ላይ፣ በዚያ ዙሪያው ገደል በሆነ ሜዳ ላይ መሽገው፣ ሌላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ራሳቸውን ችለው ኖሩ። በ1620ዎቹ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን እነሱም ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ የሰው መሬት አራሾች ሆንን። ካመረትነው ላይ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለ ርስቱ እንሰጣለን። ባለ ርስቱ ከተቆጣ ደግሞ ጎጆህን ነቅለህ ሂድ ይላል። እኔ አምስት ዓመቴ ሳለ አባቴን እንዲህ ብሎት ቤታችንን ከአንዱ ጅረት ወደ ሌላው አዛውረናል። ሣሩና እንጨቱ በአህያ ተጭኖ ሲሄድ አስታውሳለሁ። የጎጆው ምሰሶ መሬት ለመሬት ሲጎተት የሠራው መስመር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

መሬት የሌለው ሰው በእጁ ይኖራል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን መንደራችንን «የባለ እጆች መንደር» ይሉት ነበር፤ ሲቆጡን ደግሞ ሌላ ስም አላቸው። ገበሬው በክረምት ዋዜማ ማረሻውን ተሸክሞ ጎሕ ሲቀድ ይመጣል፤ አባቴ ካልሳለለት እርሻ የለም። ልጁ ሲታመምበት ግን «ቡዳ በላብኝ» ብሎ የሚጠረጥረው ያንኑ አባቴን ነው። ደግ ጎረቤትም ነበረን፤ ሁሉም አንድ አልነበረም። ቅዳሜ የወናፉና የመዶሻው ድምፅ ሲጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ ሰንበታችን መሆኑን ያውቃል።

መንደራችንን ከሌላው መንደር በምን ትለዩታላችሁ? በአቀማመጡ። የነሱ ቤተ ክርስቲያን ከጉብታው ላይ ነው፤ የኛ መንደር ከታች፣ ውሃ ዳር። ኦሪት የሚያዘውን መንጻት ለመፈጸም ወራጅ ውሃ ያስፈልገናል። ከሌላ ሰው ጋር ተነካክቶ የመጣ ሰው ሳይታጠብ ቤት አይገባም ነበር። ከመንደሩ ወጣ ብሎ የሴቶች የመርገም ጎጆ አለ፤ ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮበታል፣ ከዚያ ድንጋይ ማለፍ ክልክል ነው። እናቴ እኔን የወለደችኝ በዚያ ድንጋይ ክብ ውስጥ ነው። ከጸሎት ቤቱ አጠገብ ሁለት የወይራ ዛፎች ነበሩ፤ እነሱን ማንም አይነካም።

የአባቴ ሥራ ከሰል ይበላል። አምስትና ስድስት ሸክም እንጨት ከአፈር በታች ቢታፈን የሚወጣው አንድ ሸክም ከሰል ነው። ለብረት የሚሆነው ጠንካራው እንጨት ነው፤ ወይራ ከተገኘ ወይራ። የድሮዎቹ አባቶች ብረቱንም ራሳቸው ከድንጋይ ያቀልጡት ነበር፣ ያ ደግሞ የበለጠ ከሰል ይበላል። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ጎረቤቶቻችን «ዛፉን የጨረሳችሁት እናንተ ናችሁ» ሲሉን እንቆጣ ነበር። ግን እኔ ከወንድሞቼ ጋር እንጨት ተሸክሜአለሁ። ከመንደራችን ጀርባ የነበረው ተዳፋት በልጅነቴ ቁጥቋጦ ነበረው፤ ሳገባ አልነበረውም። ቁጥቋጦው ሲያልቅ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ይዞ ሄደ፣ ድንጋዩ ፈጦ ቀረ። የቆረጥነው እኛ ነን። በዚያ ከሰል የተሠራው ማረሻ ደግሞ ያረሰው የነሱን መሬት ነው። ጥፋቱም ጥቅሙም የጋራ ነው።

የእናቴ ሥራ አፈር ይበላል። ከወንዙ ከፍ ብሎ፣ ዋልካው ከቀዩ አፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ የሸክላ ጉድጓድ ነበረን። እናቴ ከእናቷ፣ እናቷም ከአማቷ ተቀብለውት ነው። በበጋ ውሃው ሲደርቅ እንወርዳለን። የላዩ አፈር አይረባም፤ ወደ ውስጥ ሲቆፈር የሚገኘው፣ በእጅ ሲያሹት እንደ ቅቤ የሚለሰልሰው ነው የሚፈለገው። በዶማ እየቆፈርን፣ በቅርጫት እያወጣን፣ በጀርባ እንሸከማለን። አንድ ዓመት ጎኑ ተደርምሶ አንዲት የጎረቤታችን ምራት እዚያው ቀርታለች። አፈሩን አድርቀን እንወቅጠዋለን፣ እንነፋዋለን፣ ከተፈጨ ገል ጋር እናቦካዋለን፤ ያለ ገል እሳት ላይ ይሰነጠቃል። ምጣዱን፣ ድስቱን፣ ጀበናውን፣ እንስራውን በእጅ ሠርተን፣ በለስላሳ ድንጋይ አሽተን፣ በኩበትና በገለባ እናቃጥለዋለን። ከዚያ ቅዳሜ ያልሆነ ገበያ ፈልገን እንሄዳለን። የአገሩ ሁሉ እንጀራ የሚጋገረው ከዚያ ጉድጓድ በወጣ ምጣድ ነበር።

ጉድጓዱ እንዲህ እየሰፋ ሄደ። እኔ ስደርስበት ሁለት ሰው ያህል ጥልቀት፣ ጎጆ ቤት የሚያስገባ ስፋት ነበረው።

መሬቱ ራሱም ከኛ ጋር መከራ አይቷል። በ1862 አባ ማሕሪ የሚባሉ መነኩሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ፤ ብዙዎቹ በትግራይ በረሃብና በበሽታ አለቁ። ቀጥሎ ክፉ ቀን መጣ፣ ከ1888 እስከ 1892። በ1887 በምፅዋ በኩል ከገባ ከብት ጋር የከብት በሽታ ገባና በሬና ላሙን ጠርጎ ወሰደው። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። ድርቁ፣ አንበጣው፣ ተምቹ ተከታተለ። በዚያው ዘመን ደርቡሾች መጥተው ጎንደርን አቃጠሉ። ከቤተ እስራኤል ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያም በላይ እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ። አያቴ በዚያን ጊዜ ሕፃን ነበረች፤ ስትነግረን ሰው ባለቀበት እርሻ ላይ ቁጥቋጦ በቀለ፣ ጅብ ቀን ለቀን ይሄድ ጀመር ትላለች። እንግዲህ ዱሩ የተመለሰው ሰው ስላለቀ ነው። ከሁለት ትውልድ በኋላ ያው ዱር እንደገና ተመንጥሮ ታረሰ።

ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ በሊማሊሞ ገደል ላይ የመኪና መንገድ ቆረጠ። ለአባቴ ያ መንገድ ብረት አመጣለት፤ የተሰበረ መኪና ባሌስትራ ከሁሉ የተሻለ ማረሻ ይወጣዋል። ከዚያ ወዲህ ብረት ከድንጋይ የሚያቀልጥ ሰው በመንደራችን አልነበረም። ባሕር ዛፍም በየመንገዱ ዳር እየተተከለ መጣ። እንግዲህ እናንተ ዛሬ ፎቶ ላይ የምታዩት አረንጓዴ ዛፍ አብዛኛው ያ ነው፤ እንደኛ ስደተኛ ነው፣ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው።

በመጋቢት 1975 ደርግ የገጠር መሬትን ዐወጀ፤ መሬት የሕዝብ ሆነ፣ ጭሰኝነት ቀረ ተባለ። አባቴ ያን ጊዜ ከስድሳ ዓመት በላይ ነበር። ባለ ርስቶቹ ተቆጥተው ነበርና ወዲያው አልተሰጠንም፤ በአንዳንድ ቦታ ወገኖቻችን ተደብድበዋል፣ ተባርረዋል። በመጨረሻ የገበሬ ማኅበሩ በገመድ ለክቶ ለአባቴ ከወንዙ ማዶ ድርሻ ሰጠው። በአገራችን ማሳ የሚያጥር ሰው የለም። አባቴ ግን ዙሪያውን በእሾህ አጠረው፣ በርም አበጀለት። ሰው ሳቀበት። «ጠዋት ጠዋት ስከፍተው ደስ ይለኛል» አለ።

ዘጠኝ ዓመት አረሰው። በ1984፣ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ገብሱ ሊታጨድ ጥቂት ሲቀረው፣ ተነሡ ተባለ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ ሲጸልይ የኖረ ሰው ነው። በስግድ ቀን ተራራ ወጥቶ ድንጋይ ተሸክሞ የሰገደ ሰው ነው። እንደዚያም ሆኖ ሦስት ቀን ምግብ አልበላም። በሌሊት ወጣን፤ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው። ወንዙን እንደተሻገርን አባቴ ከመሐላችን ጠፋ። ወንድሜ ተመልሶ ሲያየው የማሳውን በር እየዘጋ ነበር። «ከብት እንዳይገባበት» አለ። ማን ያጭደዋል ብሎ እንደሆነ እንጃ። አልጠየቅነውም።

አባቴ ሱዳን ኡም ራኩባ ሰፈር ውስጥ በገባን በስድስተኛው ሳምንት ዐረፈ። በዚያ መንገድና በዚያ ሰፈር 4,000 ያህል ወገኖቻችን ሞተዋል ይባላል። እኛ የተረፍነው በዚያው ክረምት በዘመቻ ሙሴ ገባን። ርስት ሳይኖረው ኖሮ በስተርጅና መሬት ያገኘው ሰው፣ የተቀበረው ከሁለቱም አገር ውጭ ነው። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ሄርጽል ተራራ ላይ ቆሜ የማስበው እሱን ነው። ልጆቼም ለምን እንደማለቅስ ያውቃሉ፤ ስለ በሩ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

በ2012 ከልጄ ጋር ወገራን አየሁት። መንደራችን ባሕር ዛፍ ሆኗል። ከሁለቱ ወይራ አንዱ አለ። የመርገም ጎጆው ድንጋይ ግማሹ ተነቅሎ ለካብ ተወስዷል። የአባቴ አንጥረኛ ቤት ከነበረበት ቦታ መሬቱን በእግሬ ስጭረው ጥቁር የብረት ዝቃጭ ወጣ። ማሳውን የማላውቀው ሰው ያርሰዋል፤ አጥር የለውም፤ ገብሱ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ወደ ሸክላው ጉድጓድ ወጣን። ውሃ ሞልቶበታል። ዳር ዳሩን ቄጠማ በቅሎበታል፣ አንድ እግረ ረጅም ወፍ ቆሞበታል፣ ከብቶች ይጠጣሉ። የአሥር ዓመት ያህል እረኛ ልጅ ነበረ። «ማሙሽ፣ ይሄን ኩሬ ማን ቆፈረው?» አልኩት። ልጁ ገረመው። «ማንም አልቆፈረው፤ እግዜር የሠራው ነው እንጂ» አለኝ።

ልጄ ዞራ አየችኝ፣ ትናገራለች ብላ። እኔ ምንም አላልኩም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በዚያ አገር «ሸክላ ሠሪ» የሚለው ቃል ስድብ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል እስራኤል ኖሬ፣ ነፃ ሰው ሆኜ፣ ያ ቃል ከአንድ ሕፃን ፊት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ነው የምጽፈው።

ወደ ወገራ የምትሄዱ ከሆነ አገሩን እንዲህ እዩት። ቤተ ክርስቲያኑን ከላይ ስታዩ ዓይናችሁን ወደ ውሃው አውርዱ። የድንጋይ ክብ ፈልጉ። ጥቁር ዝቃጭ ፈልጉ፣ የተሰበረ ገል ፈልጉ። ያለ ምክንያት ሜዳ ላይ የተኛ ኩሬ ካያችሁ ጠጋ ብላችሁ ግድግዳውን እዩ፤ የዶማ ምልክት ይኖረው ይሆናል። እረኛውንም አግኝታችሁ ንገሩት። በቁጣ አይደለም። ይወቀው ብቻ።

ይሄን ጽፌ ስጨርስ የልጅ ልጄን ጠራኋትና ያንን ካርታ እንደገና ክፈቺልኝ አልኳት። ወንዙን ተከትለን ሄድን። ከወንዙ ከፍ ብሎ፣ በቡናማው መካከል፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። «ይቺን የቆፈሩት እናቴና አያቴ ናቸው፤ እኔም ቆፍሬአለሁ» አልኳት። በሁለት ጣቷ አጉልታ ብዙ ጊዜ አየቻት።

«ትንሽ ናት፣ ሳብታ» አለችኝ።

አዎ፣ ትንሽ ናት። ከብት ግን ይጠጣባታል።